ያለ ሁለተኛ መፍቻ

እታለሜ፣ ጋሼ ዛሬ ጠዋት በግራ እጁ በላ።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየተቆጣች ነው የምትወጣው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ ራሴ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

በስልክ እንዳትነግራት ያለኝ ራሱ ጋሼ፣ ባልሽ ነው። በስልክ ከሆነ ቆማ ነው የምትሰማው፣ ደብዳቤ ግን ተቀምጣ ታነበዋለች አለኝ። ስለዚህ ቁጭ በይ። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር የለም። የተጎዳው ቀኝ እጁ ነው።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ፤ ከትልልቆቹ የኃይል ትራንስፎርመሮች ላይ አሮጌ የሙቀት መለኪያዎችን አውልቀን አዲስ እንተካለን። ትራንስፎርመሩ ሆዱ ሙሉ ዘይት ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል መለኪያው ደወል ያሰማል፤ የሚደርስለት ካጣም ኃይሉን ያስቆርጣል። የመለኪያው ጫፍ የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለች የብረት ኪስ ውስጥ ነው። ኪሷ ከተነቀለች ትኩስ ዘይት ይፈናጠራል። ለዚህ ነው በሁለት መፍቻ የምንሠራው፤ አንዱ ኪሷን ጠፍሮ ይይዛል፣ ሌላው መለኪያውን ይፈታል።

ማክሰኞ ኃይሉ ተቋርጦ እንዲቆይ የተፈቀደልን እስከ ምሳ ብቻ ነበርና ዘይቱ ሳይበርድ ሥራውን ጀመርን። እኔ ታች ሆኜ ሽቦዎቹን እፈታ ነበር። ክዳኑ ላይ የወጣው ጋሼ ሁለተኛውን መፍቻ ይዤ እስክወጣ አልጠበቀኝም። የቀደሙት ሁሉ በአንድ መፍቻ እሺ ብለውት ስለነበር ተማመነ። ይሄኛው ግን ቀለም በቀለም ላይ ሲቀባ ኖሮ መለኪያውና ኪሷ ተጣብቀዋል። የቡድን መሪያችን፣ አንተ አናጢ፣ ተው፣ ብረት እንደ እንጨት አይባበልም ብሎ ጮኸበት። ጋሼም እየሳቀ፣ የማባብለው እኔ ከሆንኩ ይባበላል አለው። መፍቻውን ሲያዞረው ሁለቱም አብረው ዞሩ፤ ኪሷ ተነቅላ ትኩሱ ዘይት ቀኝ እጁ ላይ ፈሰሰ።

ጓንቱን አውልቆ ነበር። የቀኙን ሁላችንም እናወልቃለን፤ ከመለኪያው የሚወጣው ቱቦ እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ ከታጠፈ መለኪያው አለቀለት፣ በጓንት ደግሞ አይያዝም። እታለሜ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ያ መለኪያ አሮጌው ነበር። ቢታጠፍም ቢበጠስም የሚጣለው ቁርጥራጭ ብረት ላይ ነበር። የለመደ እጅ ግን አሮጌና አዲስ አይለይም።

ሐኪሟ መዳፉ ይተርፋል ትላለች። ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ግን ጠቁረዋል፤ ካልተቆረጡ ጉዳቱ ወደ አንጓው ይወጣል ብላናለች። መላጊያ የሚይዘው በእነሱ ነው። እዚህ የመጣው የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት የሚከፍትበትን ገንዘብ ሊያጠራቅም መሆኑን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ፈርም ሲባል፣ ሚስቴ ሳትሰማ አንድም ጣት አልሰጥም አለ። ሐኪሟ ተቆጣች፣ እኔም ለመንኩት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛሬ ነርሷ ስለ ቁርሱ ስትጠይቀው ከእኔ ይልቅ ሸሚዜ ጠገበ ብሎ አሳቃት። በሩ ሲዘጋ ግን አለቀሰ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እጁ ከሚሄድ ጣቶቹ ይሂዱ እላለሁ። ከእኔ ግን አይሰማም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ቁርጡ እስኪታወቅ አትንገሪያት። ትልቋን አጎትሽን ናፍቀሽዋል በያት። ትንሹን አባቱ ጣውላዎቼን ዝናብ እንዳይነካብኝ ብሎሃል በይው። ጎረቤታችንን፣ ያቺን ሳቂታዋን፣ ስለምታጫውትሽ እግዜር ይስጥሽ በይልኝ፤ ይህን ስታነቢ አጠገብሽ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ደብዳቤውን የያዘው ሾፌር ነገ ይደርሳል። አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። ሐኪሟ የምትጠብቀን እስከ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ እሑድ