ለሦስተኛው ፓምፕ ጣቢያ ጠባቂ የተፈቀዱ ሦስት የሥራ አማራጮች

ለክቡር አቶ ዌይ ጓንጂ
የባሕር ዳርቻ ወረዳችን የውኃ ፓምፖች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደቡብ ታይዋን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እግርዎም ሁልጊዜ ደረቅ መሬት የሚረግጥ ይሁን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ቀደም ብዬ የላክኋቸው አራት ማመልከቻዎች መልስ በማጣታቸው መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ቺዮ ያዩን እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሦስተኛው ፓምፕ ጣቢያ ጠባቂ ነበርኩ። ፕሮግራም መጻፍን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ለራሴ አስተማርኩ። የጻፍኩት ፕሮግራም የቦዩን ውኃ ከፍታ በየደቂቃው እያነበበ ፓምፖቹን ሲያስነሳ አራት ክረምት አለፈ፤ ታችኛው መንደርም አንድ ቀን እንኳ ውኃ አልገባበትም። ይህን ይዤ ለፕሮግራም ባለሙያነት ባመለክት፣ እርስዎ የዲግሪ ወረቀት እንደሌለኝ ሲረዱ ሦስት አማራጮች በደግነት ዘረዘሩልኝ። ስለ ሦስቱም ላመስግንዎ።

፩. «እህቴ፣ ጥበቃሽ ላይ ብትቆዪ ምን ጎደለብሽ? ኮምፒውተሩን ለተማሩት ተዪላቸው» አሉኝ። ተውኩላቸው። በሚያዝያ ባለ ዲግሪዎቹ መጥተው የእኔን ፕሮግራም አጥፍተው የራሳቸውን ጫኑ። የእነሱ ፕሮግራም ግን የውኃ መለኪያው በጭቃ ሲሸፈን «ቦዩ ደረቅ ነው» ብሎ ፓምፖቹን ያቆማል። ጭቃ የሚመጣው ደግሞ ከትልቁ ጎርፍ ጋር ነው። አራቱ ማመልከቻዎች ስለዚሁ ጉዳይ ነበሩ። ጸሐፊዎ «ፋይል ገብቷል፣ አትጨነቂ» ስላለችኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. «ከፈለግሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር አስተምሪ» ብለውኝ ነበር። በቤተ መቅደሱ አዳራሽ አስተማርኩ። ከሁሉም ትጉህ ተማሪዬ ዓሣ አርቢው አዛውንት ፓን ነበሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማሽን ውኃ ሲመጣብን ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጭቃ ካልሸፈነው ያውቃል» ብላቸው ሳቁ። «እኛ ሰፈር ከጭቃ ሌላ ምን አለና?»

በሰኔው ዝናብ፣ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ደወሉልኝ። «ያዩን፣ ውኃው ቤቴ ገባ። ፓምፑ ግን ድምፁ የለም።» ጉልበቴ ድረስ በውኃ እየተራመድኩ ጣቢያው ስደርስ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ «ቦዩ ደረቅ ነው» የሚል ጽሑፍ ይነበብ ነበር። የእጅ ማስነሻውን ማሸጊያ ቆርጬ ፓምፖቹን በእጄ አስነሳሁ። ውኃው እስኪጎድል ሦስት ሰዓት ፈጀ። መንደሩ ተረፈ። በር ነቅለን፣ የአልጋ ቁራኛ የነበሩትን የፓንን ባለቤት በላዩ አስተኝተን አወጣናቸው። ብርዱ ግን ሳንባቸው ገብቶ ነበርና በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

፫. «ካልሆነም ሌላ ቦታ ሞክሪ» ያሉኝን ሦስተኛውን አማራጭ በቀብሩ ማግስት በማኅተም አጽንተው ላኩልኝ፤ የተሰናበትኩት «ያለ ሥልጣን የመንግሥት ንብረት በመንካት» ነው። ፓን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «አንቺን ካባረሩ በሚቀጥለው ጎርፍ ፓምፑን ማን ሊያስነሳው ነው?» አሉኝ። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

እርስዎ ስለ እኔ እንዳይጨነቁ ያህል፣ የጎረቤት ወረዳ የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ቀጥሮኛል። ሊቀመንበሯ ወረቀት አልጠየቀችኝም። «ፓምፕ ሲቆም ለምን እንደቆመ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። «በቃ ነገ ግቢ።»

አሁን ከምሥራቅ በኩል ማዕበል እየመጣ ነው። ያው ፕሮግራም በሰባቱም ጣቢያዎችዎ ተጭኗል፤ በሰባቱም ማያ ላይ ዛሬ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። ፓምፑ በእጅ እንዴት እንደሚነሳ በሁለት ገጽ ጽፌ ለታችኛው መንደር በየቤቱ አድያለሁ፤ ግማሹን ያደሉት ፓን ናቸው። ይህም ንብረት እንደ መንካት የሚቆጠር ከሆነ አድራሻዬ ፋይልዎ ውስጥ አለ።

የሰጧትን አማራጮች በሙሉ የተጠቀመች፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምትነሳዎ፣

ቺዮ ያዩን

ማስታወሻ፦ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ገና አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ግን የክቡርነትዎ መኪና ጎርፍ እንዳይደርስበት ከፍተኛው ድልድይ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ቆሞ አይቻለሁ። እርስዎ ራስዎ ማያውን እንደማያምኑት ለመንደሩ ሰው ነግሬልዎታለሁ።