የአቶ ውባየሁ ገብረጊዮርጊስ ሕይወት፤ ለሽማግሌም ለኢንሹራንስም የሰጡት ቃል

ሰው በሽማግሌ ፊት የተናገረውን ቃል መሥሪያ ቤት ሲገባ መለወጥ ይገባዋል? የአቶ ውባየሁ የእህት ልጅ በመሆኔ ቤተሰቡ በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን ይህን ታሪክ እንድጽፍ ሲያዘኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ዓመት ከአገር ርቄ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን አላውቀውም።

አቶ ውባየሁ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጊዮርጊስ ወልደሚካኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ የወርቅውሃ በ1952 ዓ.ም. በካፋ፣ በዋጫ አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዋጫ ጀምረው፣ ቦንጋ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም መንጃ ፈቃድ አውጥተው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገለገሉ። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ትርንጎ በዛብህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሜሪን፣ ነቢዩንና ዙፋንን ወልደዋል።

በ2002 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ዶልፊን ሚኒባስ ገዙና በቦንጋና በዋጫ መካከል መሥራት ጀመሩ። ትርፍ ሰው ይጫኑ ሲሏቸው «እኔ የምጭነው ሰው ነው፤ ጆንያ ከፈለጋችሁ አይሱዙ ጥሩ» እያሉ ያስቁ እንደነበር ተሳፋሪዎቻቸው ዛሬም ያስታውሳሉ።

ከሥራቸው ጎን ለጎን በሽምግልና ይታወቁ ነበር። የበዳይን ወገን ይዘው ሲቀርቡ «እሱ በደለ» አይሉም፤ «በደልኩ» ይሉ ነበር። ጥፋቱን በራሳቸው አፍ ሲናገሩት የተበዳይ ቤተሰብ ልቡ ይራራል። በዚህ መንገድ ያስታረቋቸው ብዙዎች ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ቆመዋል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወባ ጥሏቸው በተኙበት ቀን፣ እንደ ልጅ ያሳደጉት የክርስትና ልጃቸው ሚኒባሱን ይዞ ወደ ዋጫ ወጣ። የነበረው የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። መኪናው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ አንድ መንገደኛ ገጨና እግሩን ሰበረው። አቶ ውባየሁ ከአልጋቸው እንደተነሡ ሽማግሌ ይዘው ከተጎጂው ቤት ሄዱ። እንደ ልማዳቸውም «ልጃችሁን የገጨሁት እኔ ነኝ፤ ማሩኝ» አሉ። ቤተሰቡም ማራቸው።

ቀጥሎ ኢንሹራንስ ድርጅቱ ዘንድ ቀርበው መኪናውን ማን ያሽከረክር እንደነበር ተጠየቁ፤ በውሉ መሠረት ተገቢ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ካሽከረከረ ካሳ አይከፈልም። «እኔ» አሉ። ድርጅቱም የተጎጂውን ሕክምናና የመኪናውን ጥገና ከፈለ።

በኋላ አንድ የድርጅቱ መርማሪ ዋጫ ገበያ ሄዶ ሲጠይቅ የደበቀው ሰው አልነበረም። «ጋሽ ውባየሁ? እሳቸው እኮ ያን ቀን አልጋ ላይ ነበሩ! የልጁን ጥፋት በራሳቸው አድርገው ማሩኝ ያሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?» እያሉ አመሰገኗቸው። ምስጋናው የክሱ ማስረጃ ሆነ።

ድርጅቱ በሐሰት ቃል የተከፈለው ይመለስልኝ ሲል በ2014 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ። አቶ ውባየሁ በችሎት «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው፣ አልክድም። ግን እዚያ እኔ ነኝ ብዬ ምሕረት ከተቀበልኩ በኋላ እዚህ እሱ ነው ብል፣ ያ ምሕረት ምን ሊሆን ነው?» አሉ። ፍርድ ቤቱ የሽምግልናው ቃል የውል ግዴታን አይለውጥም በማለት፣ የወሰዱትን ከነወለዱ እንዲመልሱና የከሳሽን ወጪ እንዲተኩ ወሰነ። የኢንሹራንስ ውላቸው ተቋረጠ፤ ሚኒባሱም በፍርድ አፈጻጸም በሐራጅ ተሸጠ። ፍርዱ ስህተት ነበር ማለት አልችልም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራቸው የለም፤ «ፍርድ ቤት ሐሰተኛ ያለው ሰው» የሚል ወሬ ከተማውን ዞሮ ነበር።

የክርስትና ልጃቸው በሐራጁ ሳምንት ማንንም ሳይሰናበት ከቦንጋ ወጣ። አቶ ውባየሁ በችሎት ስሙን አልጠሩትምና እኔም እዚህ አልጠራውም።

በኋለኞቹ ዓመታት የሚቆጫቸው መኪናው አልነበረም። ማታ ማታ ለባለቤታቸው «ትርንጎ፣ ልጁን አዳንኩ ብዬ አፉን ያዝኩት። ራሱ ተናግሮ ራሱ ምሕረት ቢቀበል ኖሮ ዛሬ አብሮን እራት ይበላ ነበር» ይሉ ነበር። ወ/ሮ ትርንጎም «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ተኛ። ሲመጣ ትነግረዋለህ» ይሏቸዋል። አቶ ውባየሁ ግን ከቦንጋ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ እየተቀመጡ የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ ይመለከቱ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በቦንጋና በጅማ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ትርንጎ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ዘመዶቻቸው ቀርተናል። የሌላውን ጥፋት በራሳቸው ላይ ይጭኑ የነበሩትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር የእሳቸውን ሸክም አንሥቶ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

በከተራ ዕለት ከአልጋቸው ላይ ሆነው በልጃቸው በሜሪ ስልክ ለክርስትና ልጃቸው እንዲህ አስጽፈው ነበር፦ «ልጄ፣ ውባየሁ ነኝ። አንተ መናገር የሚገባህን ቀድሜ ተናገርኩብህ፤ ይቅር በለኝ። መኪናውን እርሳው። ቤቱ ቤትህ ነው፣ ቶሎ ና።» መልእክቱ እንደደረሰ ስልኩ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከሄደበት ሰዓት ድረስ መልስ አልመጣም።