ከብፌው የወጡት አርባ ስምንት ፍሬዎች

ታዴዬ፣

ከተለያየን ስምንት ወር አልፎ ዘጠነኛው ተጋመሰ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱ በየት በኩል ይመጣል? አንተ ግን እንዴት ነሽ ማለትህ እንደማይቀር ስለማውቅ ከእኔው ልጀምር። ጤናዬ ደህና ነው። ስኳሬም ልክ ላይ ነው፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ሌላው ሁሉ እንደተውከው አይደለም።

ቤታችን ፈርሷል። ሊፈርስ ነው ሲባል ስንት ዓመት ሰማን፤ አንተም የሚያፈርሱት እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው እያልክ ትቀልድ ነበር። እንዳልከው ሆነ። በሄድክ በአራተኛው ወር ካዛንቺስን ለቀን ወጣን፣ ጎረቤቱም በያቅጣጫው ተበተነ። እኔ ወሎ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። ባለፈው ሰሞን በራችን የነበረበትን ቦታ ልየው ብዬ በታክሲ ሄጄ ነበር። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ መብራት ተተክሎበታል፣ አልዋሽህም ያምራል። ግን የቆምኩት ሳሎናችን ላይ ይሁን ሽንት ቤታችን ላይ ማወቅ አቃተኝ። መንገድ የምታጸዳ አንዲት ሴት፣ እማማ ጠፋብዎት እንዴ አለችኝ። አዎ ብያት ተመለስኩ።

ብፌው ግን አብሮኝ መጥቷል። አራት ሰው ተሸክሞት ደረጃውን ሲወጣ አንዱ ጥጉ ተላጠ። የምጽፍልህም ስለሱ ነው። የምታውቀውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ስነግርህ አትሳቅብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖሬ ነገር የሚገባኝ ስጽፈው ብቻ ሆኗል።

በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው ስለ ኑክሊየስ ማውራት የጀመርክልኝ። ሌላው ባል ስለ ማር ስለ ወተት ያወራል፣ የኔው ስለ አቶም እምብርት። እዚያች በዓይን በማትታይ እምብርት ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን ታጭቀው ይኖራሉ አልከኝ። አንዳንድ ሊቃውንት እንደ ውሃ ጠብታ ያዩዋታል፤ ሌሎቹ እንደ ፎቅ ቤት። በፎቁ ሐሳብ እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ደርብና መቀመጫ አላት፣ ደርቡ ሲሞላ ኑክሊየሱ ይረጋል። ሁለቱም ሞዴል ነው፣ ሁለቱም ከእውነቱ የተወሰነውን ይነግሩሻል፣ እኔ የፎቁ ወገን ነኝ አልክ። ሁለት፣ ስምንት፣ ሃያ፣ ሃያ ስምንት እያልክ የሚረጋባቸውን ቁጥሮች ቆጠርክልኝ። ፈረንጆቹ አስማታዊ ቁጥር ይሏቸዋል ስትለኝ፣ ቤቴ ውስጥ አስማት የሚባል ነገር እንዳትጠራብኝ ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ ወዲያ የረጉ ቁጥሮች እያልናቸው ኖርን።

ከዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ አስተማሪነትህ ጡረታ ስትወጣ ደግሞ እናቴ ለሠርጋችን የሰጠችንን ብፌ ወረስከው። ከእንግዳ የሻይ ብርጭቆዎቼ አሥሩን ወስደህ በአምስቱ መደርደሪያ ላይ ደረደርክ፣ እያንዳንዱ ስንት መቀመጫ እንዳለው በፕላስተር ላይ እየጻፍክ ለጠፍክባቸው። ሽምብራው ፕሮቶን፣ ስንዴው ኒውትሮን። ሃያ ሁለት ሽምብራና ሃያ ስድስት ስንዴ፣ ባጠቃላይ አርባ ስምንት ፍሬ፤ ቲታኒየም የሚባለው ብረት እምብርት ነው ይሄ አልከኝ። እንግዳ ሲመጣ በምን ላቅርብ ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን። መልስህ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሁሉንም አማራጭ ላስላ ቢል አቅሙ አይችልም፤ የትኛዋ ፍሬ እንድትንቀሳቀስ እንደምንፈቅድ፣ የትኛዋን ዘግተን እንደምንተው የምንመርጠው እኛ ነን፤ እኔ ደግሞ በእጄ ሳልነካው አልመርጥም።

የታችኞቹ ስድስት ብርጭቆዎች ሞልተው በትናንሽ ሰሃን ተከድነው ነበር የሚኖሩት። ሰው ሁሉ የሞላ ደርብ አይነካም ብሎ የሚያሰላው ከላይ የቀሩትን ስምንት ፍሬዎች ብቻ ነው። የአንተና የተማሪህ ስሌት ግን በቤተ ሙከራ ከተለካው ጋር አልገጥም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልገጥም አለ። አንተም ከታች ሾልኮ የሚወጣ አለ ብለህ ጠረጠርክ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ሰሃኖቹን አነሳሃቸው። ስንት ፍሬ፣ ከየትኛው ብርጭቆ፣ ወደየት? ጥያቄህ ይኸው ነበር። ተማሪህ ሳምራዊት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የደረስክበትን ከደብተርህ ትገለብጥና ኮምፒውተሩ ላይ ትሞክረዋለች። ደብተርህ ላይ የምትጽፈው ግን ድርድሩ ብፌው ውስጥ ካደረ በኋላ ነው። ጠዋት ተነስተህ አይተኸው አሁንም ልክ ከመሰለህ ትጽፋለህ፣ ካልመሰለህ ታፈርሰዋለህ። ይህን ልማድህን እወድልህ ነበር። አሁን ግን እንዴት እንደምጠላው ብነግርህ ታዝናለህ።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ድርድሩን ጨረስክ። ዓርብ ጠዋት ደብተሩን ሳትከፍት፣ ጫማህን ስታስር ደረትህን ያዝክ።

ቀጥሎ የሆነውን አላየህም። ድንኳን ተተከለ፣ የእድሩ ሰው መጣ፣ ሴቶቹ ጓዳውን ያዙት። ቅዳሜ ከቀብርህ ስንመለስ ንፍሮው ደርሶ ቆየን፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘውኝ በግድ ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ። ጣዕሙን አላውቀውም። ከዚያ በኋላ ብፌው ፊት ለፊት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አርባ ቀን ተቀመጥኩ፤ አርባ ቀን ሙሉ አላየሁትም።

ያየችው ሳምራዊት ናት። አርባህ ባለፈ ማግስት መጣች፣ አለቀሰች፣ አለቀስን። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጋሼ የደረሱበትን ላንሳው ብላ ብፌውን ከፈተች። ብርጭቆዎቹ ታጥበው፣ አፋቸው ተደፍቶ ተደርድረዋል። ፕላስተሩ እንኳ ተፍቆ ወልቋል። ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ብፌው ፊት ቁጭ አለች።

ማታውኑ ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ጠየቅኳት። ሦስቱንም ቀን ሳትተኛ ያገለገለችኝ እሷ ናት፣ ታውቃታለህ። ደስ እያላት ነገረችኝ። የለቀስተኛው ሻይ ብርጭቆ አጥሮ ነበር፣ ብፌ ውስጥ አገኘሁ፣ ልጅ በእህል ሲጫወትበት የኖረ ነው የሚመስለው፣ ምን ያህልም አይደል፣ እህል እንዴት ይጣላል፣ አጥቤ ንፍሮው ላይ ጨመርኩት አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። የወጣው እግዜር ይስጥሽ የሚል ነው። ምን ልበላት? ያንተን ለቅሶ ለማሳመር ደክማ ያደረገችው ነው። አንተን ሊቀብር የመጣ ሰው የመጨረሻ ሥራህን ቆርጥሞ ሄደ፣ እኔም ሁለት ጉርሻ በልቼለታለሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አሁን ምትክ ቤት የደረሳት ሩቅ ነው፣ እሑድ እሑድ እየደወለች ትጠይቀኛለች፣ እኔም ደህና ነኝ እላታለሁ።

ሳምራዊት ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። ብርጭቆዎቹን እንደገና ደረደረች፣ ፕላስተር ለጠፈች፣ ሽምብራና ስንዴ ከሱቅ ገዛች። ሲለካ ከተገኘው ጋር የሚገጥም ድርድር ፍለጋ ወራት ፈጀች። የሚንቀሳቀሰው ብዙ ነው እትዬ ፀሐይ፣ ማለቴ አንዱን ሳነሳ ሌላው ይለወጣል፣ ጋሼ በየት በኩል እንደሄዱ ባውቅ ነበር አለችኝ። ልረዳት ፈልጌ ስንዴውን እለቅምላት ነበር። ከዚያ በላይ ምን አውቃለሁ?

አንድ ቀን፣ ጋሼ ያን ሐሙስ የነገሩዎት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

ታዴዬ፣ ዋሸሁ። ነግረኸኛል። አንድም ሳታስቀር ነው የነገርከኝ። ሐሙስ ዕለት እኔ ድራማ እያየሁ ነበር። መጥተህ በእኔና በቴሌቪዥኑ መሃል ቆምክ፣ በአንድ እጅህ ሽምብራ ይዘሃል። ተገኘ አልክ። ከየትኛው ብርጭቆ ስንት እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣ፣ ሳምራዊት ምን ማስተካከል እንዳለባት በጣትህ እያሳየህ ነገርከኝ። ረጅም ጊዜ ነው የፈጀብህ። እኔ አንገቴን ወደ ጎን አዘንብዬ በትከሻህ በኩል ድራማውን አየሁ። እሺ እልሃለሁ፣ እህ እልሃለሁ። የድራማዋ ልጅ ለእህቷ የተጻፈውን ደብዳቤ ደብቃ፣ እናትየዋ ደርሳባት፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነበር ያለቀው። ይኸው፣ እሱን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ካንተ ቃል አንዲት ቁጥር የለኝም። ስንት ሌሊት ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ድምፅህም ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን የለም።

ትናንት ሳምራዊት መጥታ ነበር። በቃ እትዬ ፀሐይ፣ ሌላ ኑክሊየስ እይዛለሁ፣ የጥናት ጊዜዬ አልቋል አለችኝ። ብርጭቆዎቹን ራሷ አጥባ መለሰችልኝ። እውነቱን ልንገራት ብዬ እስከ ደረጃው ሸኘኋት። ብነግራት ምን አሉ ማለቷ አይቀርም፤ እኔስ ምን እመልሳለሁ? ደህና ግቢ ብያት ወደ ቤት ገባሁ። ዕድሜህን ሙሉ የሌላውን ሰው ሥራ አስተምረህ፣ የራስህ ነው የምትለው አንድ ነገር ተገኘ፤ ያስረከብከው ለእኔ፣ እኔም አልተቀበልኩህም። የማደርገው የለኝም ታዴዬ። ባለቅስ አይመለስ፣ ባስቀድስ አይመለስ። ይቅር በለኝ እንዳልልህ አንተ በሕይወት ብትኖር ስቀህ ነበር የምታልፈው፤ ያ ነው የባሰብኝ።

ባል የሞተባት ሴት የባሌን ቃል አልረሳም ብላ ትምላለች። እኔ የምጠብቀው ቃል የለኝም። ቃል የምገባልህ ያለኝን ብቻ ነው። ስትጨርስ ፊትህ እንደ ልጅ በርቶ፣ ገባሽ ወይ አልከኝ። ገባኝ አልኩህ። እፎይ ብለህ፣ እንግዲህ እኔ ብረሳው አንቺ አለሽ ብለህ ተቀመጥክ። ያን እፎይታህን እስክሞት አልረሳውም።

ያንተው ፀሐይ