ጋሼ የለመዱት ፎልደር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ጸጥ ያለ ቀን። ሁለት ዜና አረምኩ፣ አንዱን ጣልኩ።

የጋዜጣውን ገጽ የሚያቀናብሩልን ጋሼ ፋይል ሲከፍቱ እያየሁ ትዕግሥቴ አለቀ። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ከዋናው ፎልደር ይጀምራል። እሳቸው በቀስቷ ቁልፍ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ... እንደገና ወደ ታች... ታርመው ያለቁ ጽሑፎች የሚቀመጡበት እስኪደርሱ። ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ የፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ በቀጥታ የሳምንቱ ፎልደር ላይ እንዲከፈት አደረግሁት። የደቂቃ ሥራ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጋሼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠሩኝ።

«ኮምፒውተሬን የነካካው ማነው?»

«እኔ ነኝ። መንገድ ላሳጥርልዎ ብዬ።»

«መንገዱ መቼ ረዘመብኝ? እንደነበረ መልሺልኝ።»

«ሁለት ቀን ይሞክሩት፣ ይለምዱታል።»

«አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና አዲስ ሰፈር አታስገቢኝ።»

ሳቅን። ስልክ ጠራኝና ሄድኩ። ፎልደሩን አልመለስኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ገጾቹ ወደ ማተሚያ ቤት የሄዱት አምሽተው ነው። ጋሼ እንደ ዛሬ ተንቀርፍፈው አያውቁም። ገጽ አራትን ሳላነበው ፈረምኩ። የሳቸውን ገጽ ማን አጣርቶ ያውቃል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋዜጣውን ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ገጽ አራት፣ በትልቁ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በመሸጥ ተፈረደበት ይላል። ሰውየው ተከሰሰ እንጂ አልተፈረደበትም። እኔው ራሴ ረቡዕ አርሜዋለሁ... የወጣው ያልታረመው ነው።

አልጮኸም። «ሰኞ ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ምን ትበል?» አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዋና አዘጋጁ ጋሼን አስጠራቸው። ሳልጠራ ተከትዬ ገባሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ፋይል የሚከፈትበትን ፎልደር የቀየርኩት እኔ ነኝ። በፊት የሚገቡበት ውስጥ የታረመ ብቻ ነው ያለው። እኔ ያመጣሁት የሳምንቱ ፎልደር ውስጥ ግን የታረመውም ያልታረመውም ተደባልቋል። የጋሼ እጅ በለመደው ልክ ቀስቷን ቆጥሮ ከፈተ።»

«ገባኝ። ግን የፋይሉ ስም ላይ ያልታረመ ይላል እኮ። አላዩትም እንዴ ጋሼ?»

አዘጋጁ አንድ ወረቀት አነሳ። «እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን አልተቀበሉትም። «ትልልቁን አያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ገጹንም አጉልቼ እሠራዋለሁ። የፋይል ስም አይጎላልኝም። ዓምና ነው የጀመረኝ።»

ለካ በዓይናቸው ሳይሆን በቁጥር ነበር የሚሄዱት። ቦታው እስካልተለወጠ ድረስ ማንም ሳይነቃባቸው ይዘልቁ ነበር። ቦታውን ለወጥኩባቸው። አሁን ደግሞ ልከላከልላቸው ገብቼ ያንኑ ገመናቸውን አወጣሁት... ዝም ብል ኖሮ በአንድ ተግሣጽ ያልፉት ነበር?

አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም። «ቤትዎ ይረፉ፣ የጡረታውን ነገር እኛ እንጨርሳለን» አላቸው። ጋሼ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርገው ወጡ። ቀና ብሎ ያያቸው የለም። እኔም ጭምር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ፎልደሩን ወደ ነበረበት መለስኩት። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

የዛሬውን ጋዜጣ ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። «እኔንም ደብቆኝ ነበር» አሉኝ ገና ሳልገባ። «መሀረብ ሲጠፋበት እኔን ይቆጣል። ለካ ፊቱ ነው ያለው።»

ጋሼ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልል ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ማክሰኞ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ለምን ይመለስ ብለሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ወደያዝኩት ጋዜጣ ጠቆም አድርገው፣ «በይ አንብቢልኝ፣ ከፊት ገጽ ጀምሪ» አሉ።

አነበብኩ። የፊቱን ጨረስኩ። ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩና ወደ ሦስት ገለጥኩ።

«ዘለልሽ» አሉ።

«ምን ዘለልኩ?»

«ሁለተኛው ገጽ፣ ከታች፣ በግራ። ይቅርታ ስንጠይቅ እዚያ ነው የማስገባው። ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«እሱንም አንብቢው።»

መልሼ ገለጥኩ። አነበብኩት።