ዖዛ ሞተ፣ እኔ አልሞትኩም

ሐሙስ፣ ኒሳን 24

ፋሲካ አለቀ። ሚስቴ ጊትል ገበያ ወርዳ ዳቦ ገዛች። ሳምንት ሙሉ ቂጣ የለመደ ሆዴ ዳቦውን አላመነውም።

የሰንበቱን ተራ ደለደልኩ። ማን ያነብባል፣ ማን ያነሳል... የምኩራብ አስተናባሪነት ማለት የሰው ኩርፊያ መሰብሰብ ነው። የኦሪቱን ጥቅል፣ ቶራውን፣ የሚያነሳው እንደ ወትሮው ጓደኛዬ ኤልካና ነው።

ጊትል ሰማችኝ። "የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ እኮ አቅቶታል።"

"ታዲያ አንቺ ንገሪያ።"

ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ማድቤት ገባች።

እሑድ፣ ኒሳን 27

ትናንት ሰንበት ነበር፣ በሰንበት አይጻፍም። ጉድ ነው የሆነው።

ንባቡ የአሮን ልጆች ነበር። ናዳብና አብዩድ ያልታዘዙትን እሳት ይዘው ቀረቡ፣ እሳት ወጥቶ በላቸው። አሮንም ዝም አለ። አለቀ። ኤልካና ተነሳ፣ ጥቅሉን ዘረጋ፣ ሁለቱን እጀታ ያዘ፣ ሕዝቡ ጽሑፉን እንዲያይ ከፍ አደረገው... ዘመመ። ዘሌዋውያን የአምስቱ መጻሕፍት መሃል ላይ ነው፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይከብዳል። ሰበብ የለውም።

አጠገቡ ነበርኩ። እጄ ሄደ። ባዶ እጄ፣ ብራናው ላይ፣ ፊደሉ ላይ። አልወደቀም። ግን ብራና በባዶ እጅ አይነካም፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ኤልካና ፊቱ አመድ መሰለ። "ማን ያዝልኝ አለህ?" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የጸሎት ልብሱን እንኳን ሳያወልቅ ወጣ።

ከዚያ የነቢያት ንባብ። የዚህ ሰንበት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዖዛ! በሬዎቹ ተደናቀፉ፣ ታቦቱ እንዳይወድቅ እጁን ሰደደ፣ እዚያው ቀረ። ሕዝቡ ዞሮ እኔን አየ። እኔ እጄን አየሁ።

ምሳ ላይ ጊትል ጠጋ አለችኝ። "ደህና ነህ?"

"እስካሁን።"

"እንግዲያው ብላ።"

ሰኞ፣ ኒሳን 28

አልሞትኩም።

ጎረቤታችን ላይብል ደረጃው ላይ ጠብቆ፣ "ብራና በባዶ እጁ የነካ ራቁቱን ይቀበራል፣ ብለዋል አባቶች" አለኝ። ለጊትል ነገርኳት። "የከፈኑ ተረፈልን" አለች።

ራቢ አቪግዶር ጋ ሄድኩ።

"ልጹም?"

"በኒሳን አይጾምም። ደግሞ የሚጾመው ጥቅሉ ሲወድቅ ነው፣ አልወደቀም።"

"ዖዛስ ምን አጠፋ፣ ራቢ? ደግ ለመሥራት አይደል?"

መነጽራቸውን ጠረጉ። "ታቦት በትከሻ ነው የሚሄደው። እነሱ ሠረገላ ላይ ጫኑት። የተጫነ ነገር ዕቃ ይመስላል። ዕቃ ሲወድቅ ሰው እጁን ይሰዳል።"

ይሄ መልስ ነው? እኔስ ምን መስሎኝ ያዝኩ? እውነቱን ለመናገር ጥቅሉን አላየሁትም። ኤልካና ሲወድቅ ነው ያየሁት። ይህን ለራቢው አልነገርኩም።

እሑድ፣ ኢያር 4

ትናንት ኤልካና አልመጣም። ዘጠኝ ሆንን። አስረኛ ሰው ፍለጋ መንገድ ላይ ወጥቼ ቆምኩ... የሚያልፈው የኢየሩሳሌም ድመት ብቻ። አስር ካልሞላን ጥቅሉ አይወጣም። ከሳጥኑ ሳይወጣ ዋለ።

እንዲህ ከቀጠለ ምኩራቡ ይዘጋል። እሱስ ይሁን። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። ናፈቀኝ፣ ይሄ ግትር።

ረቡዕ፣ ኢያር 7

ኤልካና ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተ። ግባም ሂድም ሳይለኝ ትቶኝ ገባ። ተከተልኩት።

የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋኝ። ሻይ አቀረበልኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

"ዳዊትም ተቆጥቷል እኮ" አለ ድንገት። "ዖዛ ሲሞት። ከዚያ ፈራና ታቦቱን አቢዳራ ቤት ጥሎት ሄደ።"

"የአቢዳራ ቤት ግን ተባረከ።"

"ያው ታቦት ነው። ያንዱን ልጅ፣ ዖዛን፣ ገደለ፣ ያንዱን ቤት ባረከ። ትርጉሙን የሚነግርህ ሰው ካገኘህ ላክልኝ።"

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ይንቀጠቀጣል።

"ዕድሜዬን ሙሉ ጥቅሉን ባነሳሁ ቁጥር እሱን፣ የላይኛውን፣ እፈራ ነበር" አለ። "ያን ቀን ግን የፈራሁት እናንተ እንዳትስቁብኝ ነው።"

አልቅሻለሁ መሰለኝ።

"አይንህን ጥረግ፣ አስቀያሚ ነህ" አለኝ።

እሑድ፣ ኢያር 11

መጣ። ትናንት በሰንበት ከኤልካና ጋር አስር ሞላን።

ንባቡ "ከአሮን ሁለት ልጆች ሞት በኋላ" ብሎ ይጀምርና ቆይቶ "ቅዱሳን ሁኑ" ይላል። ንባቡ ሲያልቅ ማንሳት ላይ ደረስን። አፌን ሳልከፍት ኤልካና ጣቱን ቀሰረብኝ።

"ይሄ ያንሳ። እኔ ጥቅሉን አለብሳለሁ።"

የጥቅሉን ሽፋን ማልበስ የሕፃናት ተራ ነው። ላይብል ሊስቅ ሲል ራቢው አዩት፣ ተወው።

ስንት ዓመት ይህን ክብር ለሰው ሳድል፣ እኔ አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። እጀታዎቹን ያዝኩ። ቶሎ ግን አላነሳሁም። ኤልካና ከኋላዬ ጆሮዬ ስር መጣ።

"ፈራህ?"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

ወደ ሕዝቡ አላየሁም። ፊደሉን ነበር የማየው።

"እሱን።"

"ጥሩ። አሁን አንሳው።"