ሁለቱ የታጁዲን መኪኖች

ውድ ወንድሜ በክሪ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጅግጅጋ ባጃጅህ ውስጥ ተቀምጠህ መልሴን እየጠበቅህ እንደሆነ አውቃለሁ። የጫት ነጋዴው ታጁዲን ከሁለቱ አሮጌ መኪኖቹ አንዱን ጫት እንድታመላልስበት ሊሰጥህ ነው፤ አንተም «ሁለቱንም ተሳፍረሽ የቱ እንደሚሻል ንገሪኝ» አልከኝ። ልጆች ሆነን መንገድ ዳር ቁጭ ብለን መኪና በድምፁ ስንለይ ሁሌ አሸንፍህ ስለነበር ነው እንጂ እኔማ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም።

መጀመሪያ ጀርመን ሠራሹን፣ ባለ ስምንት ፒስተኑን ተሳፈርኩ። ዕድሜው ከአንተ ይበልጣል፤ ሲነሳ ግን ወንበሩ ጀርባዬን ገፋው። ከጭሮ ወደ ቦርደዴ ስንወርድ ባዶውን ነበር፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ግን ጫት የጫነ መስሎት መንገድ ለቀቀልን። የኬላው ጠባቂ ከሩቅ ገመዱን ጣለ፣ ግመል ነጂው ግመሎቹን አዋክቦ ዳር አስያዘ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ጎተቱ። «አየሽ አቦ፣ ወላሂ የሚያቆመው የለም» አለኝ ታጁዲን ደስ ብሎት። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ውሃ ጠምቶኝ «ቁም» ብለው «ቆመን ካስለመድናቸው ነገ ገመዱን አይጥሉልንም» ብሎ አለፈ።

በማግስቱ ጃፓን ሠራሹን፣ ባለ ስድስቱን ሞከርን። ዳገቱን ማርሽ ሳይቀንስ ነው የሚወጣው፤ ድምፁ ግን የለም ማለት ይቻላል። ኬላው ላይ ማንም ስላልሰማን ቆመን ገመዱ እስኪወርድ ጠበቅን፤ እኔም ለአንተ የሚሆነው ይህ ነው ብዬ ልቤ አረፈ። ስንመለስ ጀሪካን ያዘለች ሴትዮ ሳትሰማን አስፋልቱ ላይ ገባች። ታጁዲን ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጮኸ፤ ያኔ ነው ዞር ያለችው። ጀሪካኗ ወድቆ ውሃው ከመኪናው ሥር ፈሰሰ። እሷ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

በክሪ፣ አንዱን ብትነዳ ለአንተ እፈራለሁ፤ ሌላውን ብትነዳ ለመንገደኛው። ጫት ደግሞ ከምሳ በፊት ካልደረሰ የሚቀበለው የለም፤ ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ ብመክርህ ራሴን መሸንገል ነው።

ትናንት የታጁዲን ጫት ጫኞች ተሰብስበው፣ እንደ ልማዳቸው ሽማግሌው ለአዲሱ ሾፌር ዱዓ አደረጉ። ስምህ ሲጠራ ሁሉም «አሚን» አለ። እኔ እጄን ዘርግቼ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«ምነው ሀሚዳ?» አለኝ ታጁዲን።

«ወንድሜ አይነዳም። ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ እሺ» አለ። እዚያው ለቆመ ለአንድ የገለምሶ ልጅ የአንዱን መኪና ቁልፍ ሰጠው፤ ዱዓውም በእሱ ስም ተደገመ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የዚያ ልጅ እህት ናት፤ ማንም አልጠየቃትም።

አንተንም ሳልጠይቅ ማድረጌ ያናድድሃል። መጥተህ ተቆጣኝ፤ በሚኒባስ ግን ና።

እህትህ ሀሚዳ፣ ከጭሮ