ፊት የሌለው ክፍል

ለታናሽ ወንድሜ ለራውጎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የሊዮን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ዓይንህስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብህ ሳልስ ተወህ? ባለቤትህ አኜስ ደኅና ናት? ትንሿ ኖንግማ ጥርስ ማውጣት ጀምራለች ብለህ ነበር፤ አሁን ስንት ደረሱላት? እኛ የበረሃው አቧራ ቅንድባችንን ቢያነጣውም ፈጣሪ ይመስገን አለን። እናታችን ከወገቧ በቀር ደኅና ናት። አባታችንም ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ይብቃ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያለፈው መልእክትህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ ፊርማህን ብጠይቅህ፣ አንተ የመለስህልኝ ልጆቹ በክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲስቁ የሚያሳይ ፎቶ እንድልክልህ ነው። በጉባኤ ላይ ልታሳየው። ይሉኝታህን በየትኛው ባቡር ላይ ረሳኸው?

አባታችን ያስተምርበት የነበረውን ክፍል አስፈርሰህ፣ ራስህ የነደፍኸውን ክብ ክፍል ካሠራህልን ሁለት ዓመት ሞላ። በምረቃው ዕለት ስትናገር፣ ልጅ እንደ ማሰሮ አፉን ከፍቶ እውቀት የሚቀዳበት ዕቃ አይደለም፤ እየነካ፣ እየሞከረ፣ ከጓደኛው ጋር እየተከራከረ ራሱ ይገነባዋል፤ ስለዚህ ክፍሉ ፊትና ኋላ፣ ትልቅ ሰሌዳም አያስፈልገውም አልህ። እኔም አጨበጨብሁ። አልዋሽህም፣ ሐሳቡን ወድጄው ነበር። እኔም ማሠልጠኛ ገብቼ ተምሬዋለሁ፤ ቡድን መሥርቶ ማስተማርን ካንተ አልሰማሁትም። ግን ያንተን መጻሕፍት የጻፉት ሰዎች ሃያ ልጅ ይዘው ነው። እኔ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተደባልቀው ሰማንያ ስድስት አሉኝ፤ የትም ብቆም ግማሾቹ ከጀርባዬ ናቸው።

የእጅ ሰሌዳውን ታስታውሳለህ? ሒሳቡን በቃል እነግራቸዋለሁ፣ በየሰሌዳቸው ይጽፋሉ፣ በማስመሪያ ጠረጴዛውን ስመታ ሁሉም ባንዴ ከፍ ያደርጋሉ። በመደዳ ሲቀመጡ ማን እንደተሳሳተ ባንድ ዓይን ይታየኝ ነበር። ባንተ ክብ ግን እያንዳንዱ ልጅ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ጓደኛውን ሰሌዳ አይቶ ይገለብጣል። ዓመቱን ሙሉ መልሳቸው ልክ ሆነ። እኔ ሞኟ፣ ራውጎ እውነቱን ነው፣ ልጆቹ ገብቷቸዋል እያልሁ ደስ ብሎኝ ከረምሁ። በሰኔ ከስድስተኛ ክፍል ሠላሳ አንድ ልጆች ለፈተና ሰደድሁ፤ አራት አለፉ። በአባታችን ክፍል ሃያ ሁለት ያለፉበት ዓመት ነበር። የወደቁት ልጆች እናቶች ገበያ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንተን ማን ያይሃል?

በታኅሣሥ ደግሞ ኢንስፔክተሩ መጣ። ሙሴ ቶዬ ይባላል፤ የሳሞ ጎሳ ሰው ነው። እኛ ሞሲዎችና ሳሞዎች ከጥንት የቀልድ ዘመድ ነንና ተገናኝተን በቀልድ ሳንሰዳደብ መተላለፍ ነውር መሆኑን ያን ክፍል ስትነድፍ ረስተኸው ነበር ወይ? ድሮ ኢንስፔክተር ከኋላ ይቀመጥና ልጆቹ ሳያዩት ይመዘግባል። ባንተ ክፍል ኋላ የለም። ስለዚህ ባጭሯ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ እስኪደርስ ታጥፎ፣ ከተማሪዬ ከታላቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ገበያ ላይ የሺያ ፍሬ ቅቤ የምትሸጠው የዚያች ሴትዮ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ሳስተምራት ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ስሙን ሲነግራቸው ቀና ብላ አየችውና «ቶዬ? ታዲያ የውሻውን ራስ ለማን አስቀምጠህ መጣህ?» አለችው።

እነሱን ውሻ በላ፣ እኛን አህያ በላ በሚያሰኘው በዚህ ጨዋታ አንቱታ የለም፣ ዕድሜም የለም። ዝም ቢል ውርደቱ የሱ ነው። «ያባትሽን አህያ በልታችሁ ስትጨርሱ ነው የኔ ውሻ ያማራችሁ?» አላት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? ሞሲዎቹ ባንድ ወገን፣ ሳሞዎቹ በሌላው፣ ሁሉም ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ድምፁ በክቡ ግድግዳ እየዞረ ጣሪያውን አናጋው። የክፍልፋይ ትምህርቴ እዚያው ሞተ። ሰውዬው እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገና በሩ ላይ ሲደርስ «እህቴ፣ ሳሞው ስቋል፤ ኢንስፔክተሩ ግን አልሳቀም» አለኝ።

እንዳለውም አደረገ፤ ውሳኔውን ጽፎ ላከ። እስከ የካቲት መጨረሻ ቀጥ ያለ ግድግዳና ትልቅ ሰሌዳ ካላገኘ ስድስተኛ ክፍል ይዘጋል፤ ልጆቹም አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሄደው ይማራሉ። ወንዶቹ በብስክሌት ይሄዱ ይሆናል። ሴቶቹን ማን ይልካቸዋል? ታላቶ አፏን በከፈተች በሦስተኛው ወር ቤት ልትውል ነው። ግድግዳውን ራሳችን እንዳንሠራ፣ የሕንፃውን ገንዘብና የልጆቹን ምሳ የሚሰጡት ረጂዎች ያስፈረሙን ወረቀት ያለ ነዳፊው ፈቃድ አንድ ጡብ ቢጨመር የልጆቹን የምሳ እህል ያቆማል። ነዳፊው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ፎቶ ትጠይቃለህ።

ለምን እንደማትፈርም አውቃለሁ። ረጂዎቹን በንድፈ ሐሳብህ ሸውዳቸው፤ እኔን አትችልም። ልጆች ሳለን ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አባታችን ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብብ ሲልህ፣ ማንበብ ሲያቅትህ፣ ሰነፍ ብሎ አለንጋውን ሲያነሣ፣ ከዚያም እስከ ምሳ ሰዓት ሰሌዳው ሥር አንበርክኮህ ሲያስተምር። ዓይንህ ሩቅ እንደማያይ ያኔ ማንም አላወቀም። እኔም የምትንበረከከው አንተ እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ዝም አልሁ፤ ይህ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ። ግን ያን ክፍል የሠራኸው ላንድ ልጅ ነው፤ እሱም አንተ ነህ። ሌሎቹን አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አልጠየቅኻቸውም። እኔንም አልጠየቅኸኝም።

ባለፈው ሳምንት አባታችን፣ ራውጎ ለምን አይፈርምም ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ ምንም አልደበቅሁትም። እራቱን ሳይነካ ተነሣ። በማግሥቱ የመንደሩ ሰዎች ለአዲሱ ግድግዳ ጡብ ጭቃና ገለባ ሲያቦኩ መጣ። አለንጋው በእጁ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በሩ ላይ የተሰቀለው። ቁጭ ብሎ በቢላ ከታተፈው፣ ከገለባው ጋር ጭቃው ውስጥ ጣለው፤ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ በዚያ በሚያመው እግሩ ረገጠው። ይበቃሃል ብንለው አልሰማንም። ሲወጣ «ጻፊለት» አለኝና እግሩን ሊታጠብ ሄደ።

እንግዲህ ጻፍሁልህ። ጠረጴዛዎችህን አልጥላቸውም፤ ታላቶን ያናገራት እነሱ መሆናቸውን አልክድም፤ ከሰዓት በኋላ እጠቀምባቸዋለሁ። ጠዋት ግን ግድግዳ እፈልጋለሁ። ጡቡ ደርቆ ደጃፉ ላይ ተከምሯል። አለንጋው በየትኛው ውስጥ እንደገባ እኛም አናውቅም። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ፤ የምትፈርምበትን ቦታ ዓይንህ እንዳይስተው በቀይ ቀለም አክብቤዋለሁ።

አኜስን በጣም ሰላም በይልኝ ትላለች እናታችን። ኖንግማን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ዓይኗንም አሁኑኑ አስመርምራት። አጎታችን ሲቢሪ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ፓሬ፣ ልጆቼም ሁሉ እጅ ይነሡሃል። አባታችን ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ደብዳቤውን ግን ፖስታ ቤት የሚወስደው እሱ ነው።

እህትህ ፖኮ
ጎምቦሬ፣ ቱጋን አጠገብ፣ ቡርኪና ፋሶ
ጥር 19 ቀን